በአቅም የሚገዛ የእጅ ሥራ የፍላሜንኮ ጊታር፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

የስፔኑን የጊታር ሙዚቃ፣ ፍላሜንኮን፣ መማር የጀመረ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «የናይለን ክር ያለው ጊታር ሁሉ ያው ነው» የሚል ነው። ጣት ለማፍታታትና ኮርድ ለመልመድ ያው ሊሆን ይችላል። ራስጌአዶ የሚባለው የጣት አመታት ሲጀመር ግን ልዩነቱ ይወጣል። ክሩ ከፍ ያለ ክላሲካል ጊታር ላይ ጣቶችን አከታትሎ መበተን ያደክማል፤ ድምፁም ረዘም ብሎ ስለሚቆይ አንዱ ምት ከሌላው ይደባለቃል። የፍላሜንኮ ጊታር ግን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፦ ሣጥኑ ስስና ቀላል፣ ክሩ ዝቅ ያለ፣ ድምፁ ፈንድቶ ቶሎ የሚጠፋ፣ ፊቱ በጣት ሲመታ ጥርት ያለ ምት የሚሰጥ።

ይህን የምጽፈው ከከተማው ዳር፣ ለገጣፎም ሆነ ሰበታ፣ ቡራዩም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ተቀምጦ ብዙ ገንዘብ ሳያፈስ በእጅ የተሠራ ጊታር እንዲኖረው ለሚፈልግ ሰው ነው። እኔም ጣፎ ነው የምኖረው፤ የምመዝነውም ከዚሁ ኑሮ ተነሥቼ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ አለ፣ የክረምት እርጥበትና የበጋ ድርቀት አለ፣ ጊታር ቢሰነጠቅ ባጃጅ ይዞ የሚሄዱበት ባለሙያ በቅርብ የለም። ማድሪድ ያለ ገዢ እነዚህን ሳያስብ መግዛት ይችላል፤ እኛ አንችልም።

ከሁሉም በፊት አንድ መለያ መስመር ላስምር። ጊታር ላይ በኋላ የሚስተካከል ነገር አለ፣ በምንም የማይስተካከልም አለ። ክር፣ ሳድል (ከታች በኩል ክሮቹ የሚያርፉበት ቀጭን ቁራጭ)፣ መቃኛ፣ ፊቱ ላይ የሚለጠፈው መከላከያ ፕላስቲክ በማንኛውም ጊዜ ይቀየራሉ። የአንገቱ አቀማመጥ፣ የፊቱ እንጨት፣ የሣጥኑ ስስነት ግን ከሠሪው እጅ ሲወጡ አልቆላቸዋል። ገንዘባችሁን በማይቀየረው ላይ አውሉት። የሚቀየረው ቢያብረቀርቅም ዋጋ አትጨምሩበት፤ ቢያረጅም ጥሩ ጊታር አያስጥላችሁ።

የእጅ ሥራ ተብሎ የሚሸጠው

አንደኛው ዓይነት አንድ ሠሪ ከእንጨት ምርጫ እስከ ቫርኒሹ ብቻውን የጨረሰው ነው። ግራናዳ፣ ማድሪድ፣ ኮርዶባና ሴቪያ የሚሠሩ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ለአዲስ ጊታር ብዙውን ጊዜ ከ2,000 ዩሮ በላይ ይጠይቃሉ፤ ስማቸው የገነነው ደግሞ የዚህን ብዙ እጥፍ። በእኛ አቅም ይህ የሚታሰበው ያገለገለ ሲገኝ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የወርክሾፕ ሥራ ነው። እንጨቱን ማሽን ይቆርጠዋል፤ መገጣጠሙን፣ ማጣበቁንና መላጉን የለመዱ ሠራተኞች በእጅ ይሠሩታል። የስፔን ምሥራቅ፣ በተለይ የቫሌንሲያ ክልል፣ በዚህ ይታወቃል። ከ1965 ጀምሮ ሙሮ ደ አልኮይ የሚሠራው አልሀምብራ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን ለፍላሜንኮ 3ኤፍ፣ 4ኤፍ፣ 5ኤፍ እያለ በደረጃ ያወጣል። እንዲህ ያሉ የወርክሾፕ ጊታሮች ከታችኛው ደረጃ ሲጀመሩ ከ500 እስከ 1,200 ዩሮ ባለው ውስጥ ይገኛሉ። እዚህ ደረጃ ላይ የምትፈልጉት ፊቱ ሙሉ እንጨት፣ ማለትም ኮምፔንሳቶ ያልሆነ፣ መሆኑን ነው። ጎንና ጀርባው ኮምፔንሳቶ ቢሆን ለጀማሪ ኪሳራ የለውም፤ እንዲያውም በበጋ አይሰነጠቅም።

ሦስተኛው የሜክሲኮ ሥራ ነው። ሚቾአካን ግዛት ውስጥ ያለችው ፓራቾ ከተማ ኑሮዋ በጊታር ሥራ ላይ የቆመ ነው፤ ሙያው ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ለቱሪስት የሚሸጥ ርካሽ ጊታርም፣ ለመድረክ የሚበቃ ጊታርም ከዚያው ከተማ ይወጣል። የከተማዋ ስም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የእያንዳንዱን ጊታር ሥራ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ሠሪ እጅ የተጠናቀቀ ጥሩ ጊታር ግን ከስፔኑ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

ከእጅ ሥራው ጎን ለንጽጽር የፋብሪካውን ማስቀመጥ ተገቢ ነው። የያማሃ ሲጂ182ኤስኤፍ ፊቱ ሙሉ ስፕሩስ፣ ጀርባና ጎኑ ሳይፕረስ የሚባል እንጨት ነው። ጠንካራና እኩል ሥራ ነው፤ አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግራል። ድምፁ ግን ከጥሩ ወርክሾፕ ጊታር ጋር ሲነጻጸር የታፈነ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ፋብሪካ የዋስትና ጥያቄ ስለሚፈራ ፊቱን ወፈር፣ የውስጥ ዘንጎቹን ጠንከር ያደርጋል። የበጀታችሁ ጣሪያ ዝቅተኛ ከሆነና የሚያይላችሁ ሰው ከሌለ ግን ያለ ሥጋት የሚገዛ እሱ ነው።

ማን ያመጣላችኋል?

እዚህ አገር ይህ ጥያቄ ከእንጨቱ ዓይነት ይቀድማል። አውሮፓ ዘመድ ያለው ሰው ስፔን የተሠራ ወርክሾፕ ጊታር፣ በተለይም ያገለገለ፣ በተሻለ ዋጋ ያገኛል። አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ቴክሳስ ዘመድ ያለው ደግሞ የፓራቾው ይቀርበዋል። ዱባይ ወይም ጓንጁ ከሚመላለስ ነጋዴ የሚመጣው በአብዛኛው የፋብሪካ ነው፤ መለያው ወረቀት ላይ «በእጅ የተሠራ» ቢልም ከታች የምጽፈውን ፍተሻ ሳታደርጉ አትመኑት።

ዋጋውን በብር ያልጻፍኩት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ከወራት በኋላ ስለሚያሳስት ነው። በዩሮ ወይም በዶላር አስቡት፤ ቀረጥ ሊጠየቅበት ስለሚችልም የግዢ ደረሰኙ ከጊታሩ ጋር ይምጣ።

አምጪው ሰው ሦስት ነገር ይታዘዝልን። ጊታሩ በጠንካራ ሣጥን ይግባ፤ የጨርቅ ቦርሳ ለታክሲ እንጂ ለአውሮፕላን አይሆንም። ክሮቹ ላላ ይበሉ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይፈቱ። የአንገቱ ጭንቅላት ሥር ልብስ ተጠቅጥቆ ይደገፍ፤ ሣጥኑ ቢወድቅ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው። የሣጥኑን ልክ ከአየር መንገዱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ደግሞ የእሱ ፈንታ ነው።

ያገለገለ ኔግራ፣ ማለትም ጀርባና ጎኑ ሮዝውድ የሆነ ጊታር፣ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ሌላም ጥያቄ አለ። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ማሻገር ችግር ያመጣል። በአቅም የሚገዛው ኔግራ ሁሉ ማለት ይቻላል የህንድ ሮዝውድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ይህ አይገጥመውም። ሻጩ «የብራዚል ነው» ብሎ ዋጋ ከጨመረ ግን ይለፋችሁ።

አንገቱና የክሩ ከፍታ

ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አንድ ነገር ብቻ የምትለኩ ከሆነ ይህን ለኩ። ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) አጠገብ አግኙትና ከፊቱ እንጨት እስከ ክሩ ሥር ያለውን ከፍታ በማስመሪያ ተመልከቱ። ለፍላሜንኮ የተሠራ ጊታር ላይ ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክላሲካል ላይ 10 ወይም 11፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ክሩ ለፊቱ ሲቀርብ ቀኝ እጅም ለእንጨቱ ይቀርባል። የቀለበት ጣት በጎልፔ ፊቱን መትቶ ወዲያው ወደ ክር የሚመለሰው፣ አውራ ጣትም አልሳፑዋ በሚባለው አመታት ክሩን ጠርጎ ሳይደናቀፍ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

ይህ ከፍታ የሚወሰነው ሠሪው አንገቱን ከሣጥኑ ጋር ሲያጋጥም በሰጠው ማዘንበል ነው። በስፔን አሠራር ደግሞ ጎኖቹ አንገቱ ተረከዝ ውስጥ በተቀደደ ስንጥቅ ገብተው ይጣበቃሉ፤ አንገትና ሣጥን አንድ አካል ናቸው። ስለዚህ አንገቱን ነቅሎ እንደገና ማዘንበል ጊታሩን ከማፍረስ አይለይም። የማይቀየር ያልኩት ዋናው ይህ ነው።

ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ፣ ማለትም አንገቱን ከሚያቋርጡት የብረት መስመሮች 12ኛው ላይ፣ ለኩ። ከፍሬቱ አናት እስከ ስድስተኛው ክር ሥር ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለፍላሜንኮ ልክ ነው፤ ክላሲካል ተጫዋች 4 ገደማ ይወዳል። ከፍ ብሎ ብታገኙት ሻጩ «ሳድሉን ስትሞርዱት ይወርዳል» ይላችኋል። ይወርዳል፤ ግን ምን ያህል እንደሚወርድ ሒሳቡን ሠርታችሁ ተናገሩ። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ስለሆነ እዚያ 1 ሚሊ ለማውረድ ከሳድሉ 2 ሚሊ መነሣት አለበት። 4.5 የሚለካን ጊታር ወደ 3 ለማምጣት 3 ሚሊ ይሞረዳል ማለት ነው። አሁን ሳድሉን ተመልከቱ፦ ከብሪጁ በላይ የሚታየው 2 ሚሊ ብቻ ከሆነ የሻጩ ተስፋ የሚፈጸምበት ቦታ የለም። ከሞረዱት በኋላም ክሩ በሳድሉ ላይ ተጫን ብሎ የሚታጠፍበት ከፍታ መቅረት አለበት፤ አለዚያ ድምፁ ይሞታል።

ዝቅ ያለ ክር ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ክፍት ክሮቹን በኃይል ምቱ፤ ትንሽ ፍርፍርታ በፍላሜንኮ የሚወደድ ነው፣ ከጊታሩ ጠባይ ይቆጠራል። ከዚያ በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ እያንዳንዱን ክር ለስለስ አድርጋችሁ ንኩ። ለስለስ ተደርጎ ተመትቶም የሚንጫረር ከሆነ፣ በተለይ አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ያ ፍሬት ተነሥቷል ወይም ጎረቤቱ ተበልቷል።

ክረምትና በጋ

ይህ ክፍል የሚያስፈልገው እዚህ ለሚኖር ሰው ስለሆነ ጊዜ ልውሰድበት። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። የጊታር ፊት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ስላለው ከማንኛውም የቤት ዕቃ ቀድሞ ይሰማዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፊቱ ወደ ላይ ይነፋል፣ ብሪጁም አብሮት ይነሣል፣ ክሩ ከፍ ይላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ይሰጥማል፤ ክሩ ዝቅ ይልና መንጫረር ይጀምራል። ክላሲካል ላይ ይህ ለውጥ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ፍላሜንኮ ላይ ግን መጀመሪያውኑ ክሩ ከፍሬቱ አፍንጫ ስለተቀመጠ ግማሽ ሚሊ ሙሉ ልዩነት ነው።

ከዚህ የሚከተለው የግዢ ምክር ቀላል ነው። በነሐሴ ስትገዙ 12ኛው ፍሬት ላይ 2.5 ከለካችሁ በጥር እንደሚንጫረር ጠብቁ። በጥር 3 ከለካችሁ በነሐሴ ከፍ ይልባችኋል፤ ግን ለመጫወት አይከለክልም። ሁለት ጊታር ቀርቦላችሁ አንዱን በደረቅ ወቅት የፈተሻችሁት ከሆነ፣ ከሌላው ይልቅ የእሱን ልክ እመኑ።

መፍትሔው ሁለት ሳድል ማኖር ነው። የእኔዎቹ ሁለቱም ከበሬ ቅልጥም የተሠሩ ናቸው። አጥንቱ ተቀቅሎ ቅባቱ ይወጣለታል፣ ተፍቆ ፀሐይ ላይ ይሰነብታል፣ በብረት መጋዝ ይቀደዳል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ተነጥፎ የታችኛው ፊቱ ፍጹም ለጥ እስኪል ይታሻል፤ ሥሩ ወጣ ገባ ካለ ከክሮቹ አንዱ ድምፁ ይደክማል። የበጋው ከክረምቱ በአንድ ሚሊ ገደማ ከፍ ይላል። ተረኛው ጊታሩ ላይ ይውላል፣ ሌላው ክብሪት ቀፎ ውስጥ ሆኖ ጊታሩ በሚያዝበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጎናቸው ላይ በእርሳስ «ክ» እና «በ» ተጽፎባቸዋል። ቀንድና አጥንት የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ሄዳችሁ ልኩን ብትሰጡት በቀላሉ ይሠራላችኋል፤ ከፕላስቲኩ ሳድል ይልቅ ድምፁን አጥርቶ ያስተላልፋል።

ድርቀት ግን ከመንጫረርም የባሰ ያመጣል። ጊታር ደስ የሚለው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አየሩ ከዚህ በጣም ይወርዳል፤ ሌሊቱን ደግሞ ውርጭ ነው። ባዶ የሳሙና ዕቃ ክዳኑን በሚስማር በሳሱና ውስጡ ረጥቦ የተጨመቀ ስፖንጅ አኑሩ፤ ጊታሩ በሚያዝበት ሣጥን ውስጥ፣ ከጊታሩ ጭንቅላት ሥር ይቀመጥ። ስፖንጁ ውኃ የሚያንጠባጥብ መሆን የለበትም። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ከሣጥኑ ጋር ብታኖሩ ግምት ይቀራል። በክረምት ስፖንጁን አውጡት፤ ጊታሩንም ከብሎኬት ግድግዳ አርቁት፣ ግድግዳው ራሱ ያልበዋልና። ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ በየትኛውም ወቅት አታኑሩት።

ብላንካ ወይስ ኔግራ?

ብላንካ ጀርባና ጎኑ ሳይፕረስ የሆነው ነጣ ያለ ጊታር ነው፤ ኔግራ ሮዝውድ የሆነው ጠቆር ያለው። የሁለቱም ፊት በአብዛኛው ስፕሩስ ነው። ሳይፕረስ በቀድሞዋ ስፔን በቅርብ የሚገኝ ርካሽ እንጨት ነበር፤ ሮዝውድ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ነገር። በድሃ ሰፈር ለሚጫወቱት ሳይፕረሱ ደረሳቸው፣ ድምፁም የሙዚቃው ድምፅ ሆኖ ቀረ።

ብላንካ ቀላል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.4 ኪሎ። ድምፁ ይፈነዳል፣ ይደርቃል፣ ይጠፋል። ለጭፈራና ለዘፈን አጃቢ ይሻላል፤ ቡሌሪያ በሚባለው ፈጣን የፍላሜንኮ ስልት እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል። ኔግራ ከበድ፣ ወፈር ይላል፤ ድምፁ ይቆያል፣ ባሱ ይሞላል። ብቻውን ተቀምጦ ዜማ ለሚጫወት፣ ትሬሞሎ (አንዱን ክር በጣቶች አከታትሎ በፍጥነት መንካት) ለሚወድ፣ ጊታሩን ለትዝታም ለክላሲካልም ማዋል ለሚፈልግ ኔግራ ይስማማል።

የእኔ ፍርድ ለመጀመሪያው ጊታር ወደ ብላንካ ያደላል። ፍላሜንኮ ጊታር ከሌላው የሚለይበትን ነገር ጆሮ ወዲያው የሚያገኘው በእሱ ነው፤ በተመሳሳይ ዋጋም ብላንካው የተሻለ ሥራ ሆኖ ይገኛል፣ እንጨቱ ርካሽ ስለሆነ ገንዘቡ ለጉልበት ይከፈላልና። ሌላም አለ። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ማታ ማታ የሚለማመድ ከሆነ የብላንካው አጭር ድምፅ ጎረቤትን ያነሰ ያስቸግራል፤ ብሪጁ አጠገብ ክሮቹ ሥር ጨርቅ ብትሸጉጡበት ደግሞ ምቱ ብቻ ይቀራል፣ ለኮምፓስ፣ ማለትም ለፍላሜንኮ የምት ዑደት፣ ልምምድም በቂ ነው።

የቀሩት ጥቃቅን ምርጫዎች

መቃኛው የእንጨት ቡሎን ይሁን ወይስ ማሽን? ማሽን። የእንጨቱ ውበትና ቅለት አለው፣ በእኛ በጋ ግን ተሟሽሾ ይንሸራተታል። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር የሆነውን ውሰዱ፤ 655 እና 660 ለትልቅ እጅ ናቸው። ለፒክአፕ፣ ማለትም ድምፁን ወደ ማጉያ ለሚያስተላልፈው መሣሪያ፣ ገንዘብ አትጨምሩ፤ ሣጥኑን ያከብደዋል፣ መድረክ ሲመጣ ማይክ ይበቃል። ፊቱ ሴዳር ወይስ ስፕሩስ ለሚለው፣ ሴዳር ለስለስ ያለ እንጨት ስለሆነ በጎልፔ ቶሎ ይጎዳል፤ ስፕሩስ ይቅደም።

ጎልፔአዶር የሚባለው ፊቱ ላይ የሚለጠፈው ግልጽ ፕላስቲክ ከሌለ አንድም ጎልፔ አትምቱ። ጥፍር እንጨቱን በሳምንታት ውስጥ ይበላዋል። ያገለገለ ጊታር ላይ ተቧጭሮ ካያችሁት አትዘኑ፣ ይነሣና በአዲስ ይተካል፤ ያረጀ ቫርኒሽ ላይ ሲነቀል ግን ቀለሙን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል በቀስታ፣ ሞቅ ተደርጎ ይነቀል።

ክላሲካሉን መለወጥ፣ ወይስ እዚሁ ማሠራት?

ቤት ውስጥ ጥሩ ክላሲካል ጊታር ያለው ሰው መጀመሪያ ከላይ ያለውን ልክ ይውሰድ። ብሪጁ አጠገብ 9 ወይም 10 ሚሊ ከሆነና ሳድሉ የሚሞረድ ቦታ ካለው፣ አዲስ ሳድልና ጎልፔአዶር ጨምሮ በጥቂት ገንዘብ ለሁለት ሦስት ዓመት የሚያስተምር ጊታር ያገኛል። የሣጥኑ ድምፅ እንደ ክላሲካል መሆኑ አይቀርም። ሌላ ጊታር ከመግዛት በፊት ይህን መሞከር ተገቢ ነው፤ 11 እና 12 የሚለካው ላይ ግን ገንዘብና ጊዜ አታጥፉ።

እዚሁ ማሠራት የሚለው ሐሳብ ልቤን ይነካዋል። በየደጋው የተተከለው የፈረንጅ ጥድ ከስፔኑ ሳይፕረስ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ በመናገሻ ሱባ ደን የቆመው የሐበሻ ጥድም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ክራርና በገና የሚሠሩ እጆች እንጨት አቅልሎ መቦርቦርንና ድምፅ ማዳመጥን ያውቃሉ። ደን ውስጥ የቆመውን መንካት አይታሰብም፤ በሕጋዊ መንገድ ለጣውላ የተቆረጠ የፈረንጅ ጥድ ግን በእንጨት መሸጫ ይገኛል። የሚጎድለው ሌላ ነው። ጣውላው ቁመቱን ተከትሎ ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ በሚሄድ አቅጣጫ መሰንጠቅ አለበት፣ ለዓመታት በጥላ መድረቅ አለበት፣ ለፊቱ የሚሆነው ስፕሩስ ደግሞ እዚህ አይበቅልም። ጎኖቹን በእሳትና በውኃ ማጠፊያ ቅርጽም ያስፈልጋል። ትዕግሥትና የሚጣልበት ገንዘብ ያለው ሰው ከአንድ ጎበዝ አናጺ ጋር ቢጀምረው ደስ ይለኛል። መጫወት ዛሬ ለሚፈልግ ግን ይህ የመጀመሪያ ጊታር መንገድ አይደለም።

ያገለገለ ጊታር ሲቀርብላችሁ

ለብዙዎቻችን ከሁሉም የሚያዋጣው ያገለገለ የወርክሾፕ ብላንካ ነው፤ እኔም የምጫወተው እንዲህ ያለውን ነው። ፍተሻው እንዲህ ይሁን። በቀን ብርሃን ሂዱ። የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ ቀርባችሁ ተመልከቱ፦ ከላይ የሚታየው የእንጨት ሥር ሳይቋረጥ ወደ ታች ከወረደ ፊቱ ሙሉ እንጨት ነው፤ እንደ ኬክ ንብርብር ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው። ጀርባውንም በውጭና በውስጥ አመሳክሩ፤ ውጭ ያለው መስመር ውስጥ ካልተገኘ ስስ ልባጥ የተለጠፈበት ነው።

ስልካችሁን መብራቱን አብርታችሁ በቀዳዳው አስገቡና ቪዲዮ ቅረጹ። ከፊቱ ሥር እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው የተጣበቁ ቀጫጭን ዘንጎች ታያላችሁ፤ ይህን አሠራር መልክ ያስያዘው የአልሜሪያው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ (1817–1892) ነው። የዘንጎቹ ጫፍ ተላቆ እንደሆነ፣ ኮላ ተዝረክርኮ እንደሆነ፣ የቆየ ስንጥቅ ከውስጥ በትናንሽ የእንጨት ቁራጭ ተጠግኖ እንደሆነ ቪዲዮው ላይ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። በወግ የተጠገነ ስንጥቅ ጊታር አያስጥልም፤ ዋጋ ያስቀንሳል። በሱፐር ግሉ የተለሰነ ስንጥቅ ግን ለሚቀጥለው ጠጋኝ መከራ ነው፤ እሱን ተዉት።

እጃችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች አሳልፉ። የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ከቧጠጣችሁ እንጨቱ ደርቆ ሸሽቷል፤ ጊታሩ ያለ እርጥበት ከርሟል ማለት ስለሆነ ፊቱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ፈልጉ፣ በተለይ ከብሪጁ በታች። ብሪጁ ከፊቱ ጋር በተጣበቀበት በኋላው በኩል ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ፤ ከገባ እየተነቀለ ነው። ይህ ደግሞ እዚህ አገር ተደጋግሞ የሚታይበት ምክንያት አለው፦ በየሱቁ በብዛት የሚገኘው የብረት ክር ስለሆነ ሰው እሱን ገዝቶ በናይለን ጊታር ላይ ይገጥማል። የብረት ክር የናይለኑን እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ጉተታ ስላለው ስሱን ፊት ያጣምማል፣ ብሪጁን ይነቅላል። ስትሄዱ የብረት ክር ተገጥሞበት ካገኛችሁት ጊታሩ ምን ያህል ጊዜ እንዲህ እንደቆየ ጠይቁ፤ ፊቱ ከብሪጁ ኋላ አብጦ ከፊት ሰምጦ ከሆነ በስጦታም አትቀበሉት።

በመጨረሻ ተጫወቱበት። ኢ ኮርድ ይዛችሁ ራስጌአዶ ምቱ፣ ከዚያ የምታውቁትን የአምባሰል ዜማ ከኢ አንሡ። አምስቱ ድምፆች ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይሆናሉ፤ ሁሉም ሶሌአ የሚባለው የፍላሜንኮ ስልት በሚጫወትበት የኢ ፍሪጂያን ስኬል ውስጥ ያሉ ናቸው፣ ከአምስቱም ሦስቱ (ኢ፣ ኤ እና ቢ) በባዶ ክር ይገኛሉ። ጆሯችሁ በደንብ የሚያውቀው ዜማ ስለሆነ የጊታሩን ጉድለት ከማታውቁት የስፔን ዜማ ይልቅ ፈጥኖ ይለየዋል። አንዱ ድምፅ ከሌሎቹ ደክሞ ወይም ጮኾ ከወጣ እዚያው ታገኙታላችሁ። ካፖ (አንገቱ ላይ ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መቆንጠጫ) ካላችሁ ሁለተኛው ፍሬት ላይ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ፍላሜንኮ ተጫዋች ዘፋኙን ለማጀብ ካፖ ሳያደርግ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው፣ ቅኝቱ እዚያም ሳይዛነፍ መቆም አለበት።

ክርን በተመለከተ፣ አምጪው ዘመድ ከጊታሩ ጋር ቢያንስ ሦስት ስብስብ ይዞ ይምጣ። የዳዳሪዮ ኢጄ45 ወይም የዚያው ዓይነት መደበኛ ውጥረት ያለው የክላሲካል ክር ይበቃል፤ ለቆየ ስስ ብላንካ ከባዱን ውጥረት አትጫኑበት። ባሶቹ ከቀጫጭኖቹ ቀድመው ይደክማሉ፤ ድምፃቸው ሲደፈርስ ሦስቱን ባስ ብቻ ለውጣችሁ ቀጫጭኖቹን አቆዩ፤ አንዱ ስብስብ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላችኋል።